የፈረስ እሽቅድምድም ደረጃዎች፤ ማን ከማን ጋር ይሮጣል?

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጃን ሜዳ ስሙን ያገኘው «የጃንሆይ ሜዳ» ከሚለው አጠራር ነው። የጥምቀት በዓል፣ የገና ጨዋታና ዓለም አቀፉ የአገር አቋራጭ ሩጫ በተነሱ ቁጥር የሜዳው ስም አብሮ ይነሳል። ፈረስም ከዚህ ሜዳ ታሪክ የሚለይ አይደለም። በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም ከሰገሌ ጦርነት በድል የተመለሰው ሠራዊት፣ ፈረሰኛውና እግረኛው፣ ለንግሥት ዘውዲቱ ሰልፉን ያሳየው በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥትም የፈረስ እሽቅድምድም ሲካሄድበት ቆይቷል።

ዛሬ በጥምቀት ሰሞን ወደ ሜዳው የሚወርድ ሰው ያጌጡ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን ማየቱ አይቀርም። ሁለት ፈረሰኞች ድንገት እልህ ተጋብተው ሽምጥ ሲጋልቡ ሕዝቡ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ ቀድሞ የደረሰውም እልል ይባልለታል። ይሁን እንጂ የቀደመው ፈረስ ስለ ፍጥነቱ ያስመሰከረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለመናገር አስቸጋሪ ነው። አንዱ የስምንት ዓመት ሰንጋ፣ ሌላው ገና ለጋ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀጭን ወጣት፣ ሌላው ደልዳላ ጎልማሳ ተጭኖት ይሆናል። አንዱ በቀለብ የተያዘ፣ ሌላው ትናንት ጋሪ ሲጎትት የዋለ ሊሆንም ይችላል። በዓለም ላይ የፈረስ እሽቅድምድም በደረጃ የተከፋፈለው ይህንን ጥያቄ ለመመለስ ሲባል ነው።

በአገራችን ጥንታዊ የሆነው የፈረስ ጉግስ ጨዋታ እንዲህ ያለ ክፍፍል አያስፈልገውም። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፣ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። በዚህ ጨዋታ የሚመዘነው የጋላቢው ብልሃትና የፈረሱ መታዘዝ ነው። እሽቅድምድም ግን የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ፣ ቀድሞ በመድረስ ነው። ስለሆነም ተወዳዳሪዎቹ አስቀድመው ካልተመጣጠኑ ውጤቱ ከመነሻው የታወቀ ይሆናል፤ ተመልካችም ባለቤትም ይሰለቻል።

የደረጃው ሥርዓት እጅግ በተራቀቀ መልኩ የሚሠራበት ቶሮብሬድ በሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ ላይ ነው። ዝርያው የተፈጠረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ነው። ከምሥራቅ የመጡ ሦስት ድንጉላዎች፣ ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያን እና ጎዶልፊን አረቢያን፣ ከእንግሊዝ ባዝራዎች ጋር ተዳቅለው ዘራቸውን አፈሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ቶሮብሬድ በአባት በኩል ወደ ኋላ ቢቆጠር ከእነዚህ ከሦስቱ ወደ አንዱ ይደርሳል።

ለዝርያው መጠበቅ መሠረት የሆነው የዘር መዝገብ ነው። «ጄኔራል ስተድ ቡክ» የተባለው የእንግሊዝ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ በ1791 ሲሆን፣ አባትና እናቱ በታወቀ መዝገብ ያልሰፈሩ ፈረስ በቶሮብሬድ ውድድር ሊሰለፍ አይችልም። በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለ ውርንጭላም አይመዘገብም። በምድር ሰሜናዊ ክፍል የተወለዱ ቶሮብሬዶች ሁሉ፣ የተወለዱበት ወር የትኛውም ይሁን፣ ልደታቸው ጥር መባቻ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ይቆጠራል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ቀኑ የነሐሴ ወር የመጀመሪያ ዕለት ነው፤ ይህም በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ነው። በእኛ ገበያ የፈረስ ዕድሜ ጥርሱ ተገልጦ የሚገመት በመሆኑ፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ፈረስ አዋቂ ይህ የወረቀት ልደት ሳያስገርመው አይቀርም። ነገር ግን የሁለት ዓመት ፈረሶች ለብቻቸው፣ የሦስት ዓመቶቹም ለብቻቸው እንዲሮጡ ለማድረግ ሁሉንም በአንድ ቀን ከመቁጠር የቀለለ ዘዴ አልተገኘም።

የመጀመሪያው የውድድር ደረጃ ሜይደን ይባላል። ትርጉሙም አንድም ጊዜ አሸንፈው ለማያውቁ ፈረሶች ብቻ የሚዘጋጅ ውድድር ማለት ነው። ፈረሱ ሁለት ጊዜም ሆነ ሃያ ጊዜ ሮጦ ካላሸነፈ ከዚህ ደረጃ አይወጣም። አንድ ጊዜ ያሸነፈ ዕለት ግን በሩ ከኋላው ይዘጋበታል፤ ዳግም ወደ ሜይደን ሊመለስ አይችልም። ታላላቅ የሚባሉት ፈረሶች አብዛኞቹ ያለፉት በዚሁ በር ነው።

ከሜይደን የወጣ ፈረስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከአገር አገር የተለያየ መልስ አለው። በአሜሪካ ብዙዎቹ የሚያመሩት «ክሌሚንግ» ወደሚባለው የሽያጭ ውድድር ነው። ለውጭ ተመልካች እንግዳ የሚሆነውና የሥርዓቱን ብልሃት በይበልጥ የሚያሳየው ደረጃም ይኸው በመሆኑ ሰፋ አድርጎ መመልከቱ ተገቢ ነው።

በሽያጭ ውድድር ውስጥ የሚሰለፍ ፈረስ ሁሉ በውድድሩ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበ ነው። ዋጋው ለምሳሌ 10 ሺህ ዶላር ከሆነ፣ በሜዳው ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ሌላ ባለቤት ወይም አሠልጣኝ ከውድድሩ በፊት ገንዘቡን አስይዞ የግዢ ማመልከቻውን በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ከአንድ በላይ አመልካች ቢገኝ በዕጣ ይለያል። ውድድሩ እንደተጀመረ ፈረሱ የገዢው ይሆናል፤ የዚያ ዕለት ሽልማት ግን የቀድሞው ባለቤት ነው። መደራደር የለም፤ «አልሸጥም» ማለትም አይቻልም።

ይህ ሥርዓት ያለ ዳኛ ፈረሶችን ያመጣጥናል። የ50 ሺህ ዶላር ፈረስ ያለው ሰው በ10 ሺህ ዶላር ውድድር ቢያሰልፍ ማሸነፉ አይቀርም፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ፈረሱን በአንድ አምስተኛ ዋጋ ሊያጣው ይችላል። የ10 ሺህ ዶላር ፈረሱን በ50 ሺህ ዶላር ውድድር ቢያሰልፍ ደግሞ የሚገዛው ባይኖርም የሚያሸንፈውም አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት የፈረሱን ትክክለኛ ዋጋ ራሱ እንዲናገር ይገደዳል። በከብት ገበያ ሻጭና ገዢ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩበት የሚውሉትን ጉዳይ አንድ የውድድር ሕግ ይጨርሰዋል።

ገማቾች የሚሳሳቱበት አጋጣሚም አለ። ስታይሚ የተባለው ፈረስ እ.ኤ.አ በ1943 በ1 ሺህ 500 ዶላር በእንዲህ ዓይነት ውድድር ላይ ተገዝቶ፣ ሩጫ እስካቆመበት 1949 ድረስ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ሽልማት ለባለቤቱ አስገብቷል። በቅርቡም ሪች ስትራይክ የተሰኘው ፈረስ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ በኬንታኪ ግዛት በቸርችል ዳውንስ ሜዳ፣ አሸንፈው ለማያውቁ ፈረሶች በተዘጋጀ የሽያጭ ውድድር ላይ በ30 ሺህ ዶላር ተገዛ። በማግስቱ ዓመት ግንቦት ወር በዚያው ሜዳ በተካሄደው የኬንታኪ ደርቢ ላይ፣ ሌላ ፈረስ በዋዜማው ከውድድሩ በመውጣቱ ቦታ አግኝቶ ተሰለፈ። ለአንድ ዶላር 80 ዶላር ይከፈልበታል ተብሎ ተስፋ ያልተጣለበት ይህ ፈረስ አንደኛ በመውጣት 1 ነጥብ 86 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። በዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚታዘንለት በ30 ሺህ ዶላር የሸጠው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

የሽያጭ ውድድር የሚወቀስበት ጎንም አለው። ፈረሱ እግሩን ያመመው መሆኑን የሚያውቅ ባለቤት ደረጃውን ዝቅ አድርጎ በማሰለፍ ጉዳቱን ለሌላ ሊያሸጋግር ይችላል። በየጊዜው ከደረጃ ደረጃ የሚወርድ ፈረስ በተመልካች ዘንድ ጥርጣሬ የሚያሳድረውም በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ በአሁኑ ጊዜ ፈረሱ በውድድሩ ላይ ከሞተ፣ በአምቡላንስ ከተወሰደ ወይም ከሩጫው በኋላ ሲመረመር አንካሳ ሆኖ ከተገኘ ግዢው እንዲሰረዝ የሚያደርጉ ደንቦች ወጥተዋል። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱን የሚሸከመው መናገር የማይችለው ፈረስ ነበር።

ለሽያጭ የማይቀርቡ፣ ሆኖም ታላላቅ ውድድሮችን ገና ያልደረሱባቸው ፈረሶች የሚሮጡበት ደረጃ «አላዋንስ» ይባላል፤ የክብደት ቅናሽ ማለት ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ማን መሰለፍ እንደሚችል በጽሑፍ ይወስናል፤ ለምሳሌ «ዕድሜያቸው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ላላሸነፉ» ይላል። በቅርብ ጊዜ ያላሸነፈ ፈረስ ጥቂት ኪሎ ግራም ይቀነስለታል። የሽያጭንና የዚህን ደረጃ ደንብ ያቀላቀሉ ውድድሮችም አሉ፤ ዝርዝራቸው ግን ለባለሙያ ካልሆነ ለአንባቢ ብዙ አይጠቅምም።

ክብደት ሲነሳ ሃንዲካፕ የተባለውን ውድድር ማብራራት ያስፈልጋል። በቦክስ ስፖርት ተወዳዳሪዎች በኪሎ ተመድበው እኩያ ከእኩያው ጋር ይገጥማል። በሃንዲካፕ ግን የማይተካከሉ ፈረሶች በአንድነት ይሰለፉና የበረታው ከበድ ያለ፣ የደከመው ቀለል ያለ ጭነት ይሸከማሉ። ለእያንዳንዱ ፈረስ ባለፉት ውድድሮቹ መሠረት ነጥብ የሚሰጥ ባለሙያ አለ። በእንግሊዝ አሠራር አንድ ነጥብ አንድ ፓውንድ ሲሆን፣ 90 ነጥብ ያለው ፈረስ 80 ካለው ጋር ሲሰለፍ የ10 ፓውንድ፣ ማለትም የአራት ኪሎ ተኩል ያህል ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል። ጋላቢው ከተመደበው ክብደት በታች ከሆነ ልዩነቱ በኮርቻው ሥር በሚደረግ እርሳስ ይሞላል። ጋላቢው ከውድድሩ በፊትም በኋላም ከነኮርቻው ይመዘናል። በአንድ ማይል ርቀት ሁለት ፓውንድ ያህል ክብደት በአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ለማዘግየት ይበቃል ተብሎ ይገመታል።

ነጥብ ሰጪው ሥራው ፍጹም ቢሆንለት ፈረሶቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ እኩል በደረሱ ነበር። ይህ እስካሁን አልሆነም፤ ስፖርቱም በሕይወት የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሃንዲካፕ የደካማ ፈረሶች መሰብሰቢያ ተደርጎ መታየትም የለበትም። እ.ኤ.አ ከ1861 ጀምሮ በአውስትራሊያ የሚካሄደውና 3 ሺህ 200 ሜትር የሚሸፍነው የሜልቦርን ዋንጫ ሃንዲካፕ ሲሆን፣ በደረጃው ግን ከፍተኛው እርከን ላይ ይገኛል። በደቡብ አፍሪካ ከ1897 ጀምሮ የሚካሄደው የደርባን ጁላይም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም በላይ ያለው «ስቴክስ» የሚባለው ደረጃ ነው። ስያሜው የመጣው ባለቤቶች ፈረሶቻቸውን ለማስመዝገብ ከሚያዋጡት ገንዘብ ሲሆን፣ መዋጮው ተሰብስቦ በሽልማቱ ላይ ይታከላል። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ ከ1971 ጀምሮ እነዚህን ውድድሮች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምድብ ብለው ከፍለዋቸዋል፤ አሜሪካም በ1973 ተመሳሳይ አሠራር ጀምራለች። ከሦስቱ ምድቦች በታች «ሊስትድ» የተባሉት ይገኛሉ። በአንደኛ ምድብ ውድድር ሁሉም ፈረሶች በዕድሜና በጾታ ልክ የተወሰነ ክብደት ይሸከማሉ እንጂ እንደ ነጥባቸው አይጫኑም፤ እንደ ሜልቦርን ዋንጫ ያሉት ከዚህ የሚለዩ ናቸው። በኬንታኪ ደርቢ ወንዶቹ 126 ፓውንድ ወይም 57 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሸከሙ፣ ለሴቶቹ አምስት ፓውንድ ይቀነስላቸዋል።

በዚህ እርከን ውስጥ ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የተዘጋጁት ጥንታዊ ውድድሮች ልዩ ክብር አላቸው። በእንግሊዝ ሴንት ሌጀር እ.ኤ.አ በ1776፣ ኦክስ በ1779፣ ደርቢ በ1780፣ ሁለቱ ጊኒዎች ደግሞ በ1809 እና በ1814 ተጀምረዋል። በአሜሪካ ኬንታኪ ደርቢ፣ ፕሪክነስና ቤልሞንት በአምስት ሳምንት ውስጥ ሲሮጡ ከቆዩ በኋላ ሦስቱንም ያሸነፈ ፈረስ ባለ ሦስት ዘውድ ተብሏል። ከ1919 እስከ 2018 እ.ኤ.አ ድረስ ይህንን ያገኙት 13 ፈረሶች ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ የሆነው ሴክሬታሪያት በ1973 ቤልሞንትን ያሸነፈው ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ሲሆን፣ ሁለት ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ የሆነው ሰዓቱ እስካሁን በዚያ ውድድር አልተሻሻለም።

አንድ ውድድር አንደኛ ምድብ ስለተባለ ለዘላለም አንደኛ ሆኖ አይቀርም። በየዓመቱ የተሰለፉት ፈረሶች ነጥብ እየታየ ጥራቱ የወረደ ውድድር ከምድቡ ዝቅ ይደረጋል። ይህም በእግር ኳስ ሊግ ላይ መውረድና መውጣት እንዳለ ሁሉ፣ በፈረስ እሽቅድምድም ደግሞ ፈረሱ ብቻ ሳይሆን ውድድሩ ራሱ ይወርዳል፣ ይወጣል ማለት ነው።

ባለቤቶች ስለ ምድቡ ይህን ያህል የሚጨነቁት ለዕለቱ ሽልማት ብቻ አይደለም። በፈረስ ጨረታ ላይ በሚታደለው ዝርዝር የስቴክስ አሸናፊዎች ስም በደማቅ ጥቁር ፊደል ይታተማል። አንዲት ባዝራ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውድድር ካሸነፈች፣ ገና ያልተወለዱ ውርንጭሎቿ ዋጋ በዚያ ጥቁር ፊደል ከፍ ይላል። ዋናው ሀብት ያለው በሜዳው ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ፈረስ አጥተን እንዳልቀረን ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚገመት ፈረስ ያላት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የካፋና ሌሎችንም ጨምሮ ስምንት ዓይነት ፈረሶችን ለይተዋል። የሰላሌው ፈረስ አገር ከጉለሌ በስተሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታን ካለፉ በኋላ የሚገኝ ነው። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞችን ያሰልፋል። በ2013 ዓ.ም በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ፈረስ መጋለብ ከመዝናኛዎቹ አንዱ ነው።

ቶሮብሬድን አምጥቶ በጃን ሜዳ ማሮጥ ግን ቀላል አይደለም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለው፣ በጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚተላለፈው ሕመም በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው። ሳንባን የሚያጠቃው የበሽታው ዓይነት ከሚይዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹን ይገድላል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሆኖም በሽታው ካለበት አገር ፈረስ ወደ ውጭ ለመውሰድ የሚጠየቀው ቅድመ ሁኔታ ከባድ በመሆኑ ለውድድር ገብቶ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የሠለጠነ ፈረስ ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ሊያጥረውም ይችላል። ጎረቤት ኬንያ ግን በናይሮቢ በሚገኘው ንጎንግ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ ከ1954 ጀምሮ ቶሮብሬዶችን ስታሽቀዳድም ቆይታለች።

ይበልጥ የሚያዋጣው የቶሮብሬዱን ደም ሳይሆን የቶሮብሬዱን ደብተር መውሰድ ይመስላል። ኢትዮጵያውያን ለፈረስ የሰጡት ክብር ታላላቅ ሰዎችን በፈረሳቸው ስም እስከ መጥራት ደርሷል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ለትውልድ የተላለፈው ግን የፈረሱ ስም እንጂ አባቱና እናቱ፣ ዕድሜው ወይም የሮጠበት ሰዓት አይደለም። ደረጃ የሚወጣው ደግሞ ከእነዚሁ ነው። ፈረሱ መቼ እንደተወለደ የሚመዘግብ አንድ ሰው፣ ጋላቢውን ከነኮርቻው የሚመዝን አንድ ሚዛን፣ በተለካ ርቀት ላይ ሰዓት የሚይዝ አንድ ዳኛና ውጤቱ የሚጻፍበት መዝገብ ካሉ፣ የሰላሌም ሆነ የአዊ ፈረስ በዕድሜና በክብደት ተመድቦ ሊሮጥ ይችላል።

አዲስ መዝገብ በሚከፈትበት ሜዳ ላይ እስካሁን የተመዘገበ ድል ያለው ፈረስ አይኖርም። በደንቡ መሠረትም የዚያ የመጀመሪያ ዕለት ውድድሮች ሁሉ፣ ፈረሱ በሰፈሩ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ የሜይደን ውድድሮች ይሆናሉ።